የሁዳዴ እንቁላል በሰው ብርጭቆ

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ሙከራ እንገባለን። በየፊታችን የሚቀመጠው ብርጭቆ ቁመቱም ጥራቱም አንድ ዓይነት ነው። እንደዚያም ሆኖ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዓይኔ ሳላዘው ወደ ጎረቤቴ ብርጭቆ ይሄዳል፤ የእሷ ከእኔ ይበልጥ ጠርቶ እንደሆነ ለማየት። አንድ ቀን ጎረቤቴ «ምን ጠፋብሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኋት። መልሱ ረጅም ነው፤ የሚጀምረውም ወረታ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

ቤታችን ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፤ ላሞችም አሉን። በበጋ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ደረቅና ቀና ነው። ክረምት ሲገባ ግን ፎገራ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ውሃ ይሆናል፤ ተማሪው ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚሻገረው።

ያን ዓመት አዲስ የሳይንስ መምህር መጣልን። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን «የሳይንስ ዕቃ» ተብሎ የተጻፈበትን ቁም ሣጥን ከፈተ። ውስጡ የተሰበረ ቴርሞሜትርና የአይጥ ጎጆ ነበር። ቀስ ብሎ ዘጋውና ወደ እኛ ዞረ።

«ቤተ ሙከራችሁ ቤታችሁ ነው» አለን። «ዓርብ ዓርብ የምነግራችሁን ዕቃ ከየቤታችሁ ታመጣላችሁ። የሚገዛ ነገር የለም።»

ከዚያ ወዲህ ዓርብን የማይጠብቅ ልጅ አልነበረም። ማበጠሪያ ፀጉራችን ላይ ፈትገን ብጥስጣሽ ወረቀት እንዲስብ አደረግን። መርፌ በወረቀት ቁራጭ ላይ አስተኝተን ውሃ ላይ አስቀመጥን፤ ወረቀቱ ርሶ ሲሰምጥ መርፌው ላይ ቀረ። በሎሚ ጭማቂ ጽፈን ፍም ላይ ስናሞቀው የማይታየው ጽሑፍ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አንዱ ልጅ «መምህራችን ሸንበቆ ነው» ብሎ ጽፎ ኖሮ ፍሙ አጋለጠው፤ መምህሩም አንብቦት «እውነትም ሳይንስ ምንም አይደብቅም» አለ።

እኔ እነዚህን ሁሉ በጥንቃቄ ነበር የምሠራው። መምህሩ አንዴ ያሳየንን ቤት ሄጄ ደጋግሜ እሞክረዋለሁ። «ጎበዝ» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ጎበዝ የሚባለው ግን ሌላ ሰው ነበር።

የባለሱቁ ልጅ ናት። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት አባቷ ሱቅ አለው። ሙስሊሞች ናቸው። ማበጠሪያ ስንባል አዲስ ማበጠሪያ፣ መርፌ ስንባል ከነማሸጊያው መርፌ ታመጣለች። እኛ ፀጉራችንን ስንፈትግ እሷ ማበጠሪያውን በሻሿ ላይ ፈተገችው፤ ሻሿ ከሁላችን ፀጉር በልጦ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አፈናጠረው። ሻሽ ሳይቀር ያግዛት ነበር።

ቅናት ምን እንደሆነ በደንብ ያወቅሁት ግን ሻማ፣ ሳህንና ብርጭቆ አምጡ በተባልንበት ዓርብ ነው። እኛ ቤት ብርጭቆ አልነበረም። እናቴን ጧፍ ብጠይቃት «ጧፍ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይጫወቱበትም» አለችኝ። ስለዚህ ከጎረቤት የሻማ ቁራጭ ለምኜ፣ በብርጭቆ ፋንታ የአባቴን ዋንጫ ይዤ ሄድሁ። ከበሬ ቀንድ የተሠራ፣ በእጅ ብዛት የተወለወለ፣ የሚያብለጨልጭ ዋንጫ ነው። ከብርጭቆ የሚያንስ አልመሰለኝም ነበር።

ሳህኑ ላይ ውሃ አፍስሼ ሻማዬን መሐሉ ላይ አቆምሁ፤ ለኮስሁና ዋንጫዬን ደፋሁበት። ሁላችንም ዋንጫውን አየነው። ዋንጫው ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ጠፋ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እንጃ፤ ገለጥ አድርጊና እይው!»

«ከገለጥሁት እኮ አየር ይገባል» አልሁ።

«እሷ እኮ ጠላ ቤት የመጣች መስሏታል!»

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዋንጫውን አነሣው። ሻማው ጠፍቷል። «ጠፍቷል፤ ሲጠፋ ግን ያየ የለም» አለ። «ሳይንስ ደግሞ ማየት ነው።»

ቀጥሎ እሷ መጣች። ረጅም፣ አፉ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር የዞረበት ብርጭቆ ይዛለች። ደፋችበት። ነበልባሉ አጠረ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠፋ። ወዲያው ሳህኑ ላይ የነበረው ውሃ ማንም ሳይነካው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጣ። ክፍሉ ሁሉ «ኡ!» አለ። መምህሩም «ጎበዝ!» አለ፤ እኔ ስመኘው በነበረው ድምፅ።

እኔም ያንኑ ነበር የሠራሁት። የእኔም ሻማ ጠፍቷል፤ በእኔም ዋንጫ ውስጥ ውሃው ወጥቷል። ልዩነቱ የእሷ መታየቱ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጅቱ ክፉ አለመሆኗ ነበር። ስንወጣ «ዋንጫሽ እንዴት ያምራል፤ ልንካው?» አለችኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ እጠላትና እገላገል ነበር።

በሁዳዴ መካከል መምህሩ የወላጆች ቀን መድረሱን ነገረን። ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናብ ገብቶ ሜዳውን ሳያጥለቀልቀው ይከበራል። በዚያ ቀን አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ለወላጆች ሙከራ ያሳያል። ለአባቴ ነገርሁት።

«አንች የምትቆሚ ከሆነ እመጣለሁ» አለ። «የሰው ልጅ ለማየት ግን በሬ ፈትቼ አልመጣም።»

«እኔ እቆማለሁ» አልሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጠረጴዛ ሳላስብ የዋልሁበት ቀን የለም።

መምህሩ በየዓርቡ ሲያጣራ ቆይቶ በመጨረሻ ሁለት ሰው ቀረ፤ እሷና እኔ። የሚለየን ሙከራ ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ይሆናል ተባለ። የሚያስፈልገው ጥሬ እንቁላልና ጨው ነው። እንቁላል በተራ ውሃ ይሰምጣል፤ ውሃው ጨው ሲበዛበት ግን ይንሳፈፋል። ይህን አጣርቶና አብራርቶ ያሳየ ጠረጴዛው የእሱ ነው።

«ጋሼ፣ በጾም እንቁላል ይነካል እንዴ?» አለ አንዱ።

«መንካት አያስገድፍም። ትነኩታላችሁ እንጅ አትልሱትም» አለ መምህሩ።

እናቴ ከቅበላ ማግሥት ጀምሮ ዶሮዎቹ የጣሉትን ሁሉ ለፋሲካ በእንቅብ ታጠራቅማለች። እንቁላሎቹን ጤፍ ውስጥ እየቀበረች ከታች ወደ ላይ ትደረድራቸዋለች።

«እማ፣ አንድ እንቁላል ስጭኝ።»

«በሕማማት አፋፍ እንቁላል ምን ልታደርጊው?»

«ውሃ ውስጥ እናስገባዋለን። ይንሳፈፋል።»

«እንቁላል ነው እንጅ ታንኳ ነው?» አለች። ቢሆንም ፈቀደች፤ ሳይሰበር ይመለሳል በሚል ቃል።

እኔ እንግዲህ በእጄ የመጣውን አንሥቼ የምሄድ ልጅ አልነበርሁም። እንዲንሳፈፍ ከተፈለገ ቀላል እንቁላል ያስፈልጋል ብዬ አሰብሁ። እጄን እንቅቡ ውስጥ ሰድጄ አንድ በአንድ እያወጣሁ በሁለት መዳፌ አመዛዘንሁ። የላይኞቹ ሁሉ ከበዱብኝ። ወደ ታች ወረድሁ። ከታች፣ ጤፉ ሥር፣ ነጭ፣ ትልቅ፣ ግን እንደ ባዶ ቀፎ የቀለለ አንድ አገኘሁ። ደስ አለኝ። እሷ ይህን አላሰበችም አልሁ በልቤ።

ዓርብ ሁለታችን ጠረጴዛው ፊት ቆምን። መጀመሪያ እሷ ናት። ያን ባለወርቅ መስመር ብርጭቆ በውሃ ሞልታ እንቁላሏን ለቀቀችው፤ ወርዶ በጎኑ ተኛ። ከዚያ ጨው ጨመረች። ጨው በኅብረት ሱቅ ተሰልፈን በምናገኝበት ዘመን እሷ በማንኪያ ትልቅ ትልቁን እየዛቀች ነበር። አማሰለች። እንቁላሉ ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብሎ ተነሣ። ክፍሉ አጨበጨበ።

የእኔ ተራ ሆነ። ከኋላ ላለው ተማሪ የሚያሳይ ብርጭቆ ያው የእሷ ብቻ ነው። ጨዋማውን ውሃ ደፋች፤ ከባልዲው ቀድታ አጠበችው፤ ሞላችውና «እንኪ» ብላ ሰጠችኝ። ጨዬን በግራ እጄ እንደያዝሁ እንቁላሌን በቀኝ እጄ ለቀቅሁት።

አልሰመጠም። ወደ ታች ሊሄድ እንኳ አላሰበም። ሰፊ ጫፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ቆመ። ጨዬ ገና በእጄ ነው።

«ተነሣ!» አለ አንዱ።

«የእሷ እንቁላል ከፋሲካ በፊት ተነሣ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። «ብርጭቆው ጨው ቀርቶበታል» አልሁ።

«ኧረ በደንብ አጥቤዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ተንሳፈፈ?»

መምህሩ እጁን አነሣ። «ቆዩ፤ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃው ጨው እንዳለውና እንደሌለው በምን እናውቃለን?»

«በመቅመስ!» አልን ሁላችንም።

«ማን ይቀምሳል?»

ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። በመጨረሻ አንዱ «ጋሼ፣ እንቁላል የተነከረበት ውሃ እኮ ነው። እንገድፋለን» አለ። መምህሩ ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። እሱም አልቀመሰም። ሁላችንም አየነው።

«እኔ ልቅመሰው» አለች የባለሱቁ ልጅ። ጣቷን ነከረች፤ ላሰችው። «ጨው የለውም።»

ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ፈራጅ ልትሆን የምትችል እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ብሸነፍ የምትጠቀመውም እሷ ብቻ ነበረች። መምህሩ ውሳኔውን ለሰኞ አሳደረው፤ እኔ ግን ፊቱን አይቼ ጠረጴዛው የማን እንደሆነ ያወቅሁ መሰለኝ። ቤት እስክደርስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማብሰለስለው፦ ዋሽታለች፤ ጨው ነበረው፤ ባለሱቅ ስለሆኑ ጨው ለምዷቸው አይታወቃቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ አስቤአለሁ።

ቅዳሜ እናቴ ሽምብራ ልትሸጥ ገበያ ስትሄድ መዋሸቷን ላረጋግጥ ተነሣሁ። ገበቴ ውስጥ ከእንስራችን ውሃ ቀዳሁ። ጨው ያልነካው፣ ማንም ያላጠበው፣ የራሳችን ውሃ ነው። ያንኑ እንቁላል ለቀቅሁት።

ተንሳፈፈ።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጅቱ እውነቷን ነው። በውሸቷ ልናደድ ተዘጋጅቼ ስለነበር እውነቷ ይበልጥ አናደደኝ። ታዲያ ነገሩ ምንድን ነው? ከእንቅቡ ላይኛውን እንቁላል አውጥቼ ጨመርሁ፤ ሰምጦ በጎኑ ተኛ። ከመሐል አወጣሁ፤ ታች ሆኖ ሹል ጫፉ ላይ ቆመ። ከሥር አወጣሁ፤ ተንሳፈፈ። ደግሜ ሞከርሁት። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ትናንት የተጣለው ይተኛል፣ የደብረ ዘይት ሰሞኑ ይቆማል፣ የቅበላ ማግሥቱ ይንሳፈፋል። ሁዳዴ በሙሉ ገበቴው ውስጥ ተሰልፎ ታየኝ።

እናቴ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። «ኧረ አንች ልጅ! ውሃ የነካው እንቁላል መች ይከርማል! ፋሲካችንን ልታጠፊው ነው?»

«እማ፣ እይው፤ የቆመውና የተኛው ዕድሜው ይለያያል።»

«የአንችም ዕድሜ ዛሬ ያበቃል!» አለች፤ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ ጥቂት አየች። ከዚያ እየተቆጣች፣ እያንዳንዱን በቀሚሷ ጠርዝ እያደረቀች መለሰችው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጨውን ሳይቀምሱ ማወቅ። ከተሰበረ ማድጋ ጥቁር ገል አነሣሁና በአንደኛው ጫፍ ተራ ውሃ፣ በሌላው ጨው የሟሟበት ውሃ አንጠባጥቤ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት። ሲደርቅ የተራው ቦታ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ የጨዋማው ቦታ ነጭ ሆነ። ከእንግዲህ ማንም እንዲቀምስልኝ አልፈልግም አልሁ።

ሰኞ ገሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ለመምህሩ አሳየሁት፤ የእንቁላሎቹንም ነገር ነገርሁት። ገሉን አገላብጦ አገላብጦ አየው።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ተናድጄ ነው የሠራሁት።»

ሳቀ። ለክፍሉ ሁሉ ገሉን ከፍ አድርጎ አሳየና «የጨውን ነገር እኔ ነበር የነገርኋችሁ፤ ይህን ግን ማንም አልነገራትም» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «ጠረጴዛው የአንች ነው፤ ያረጀ እንቁላል ማምጣት ከቻልሽ» አለኝ።

በዕረፍት ሰዓት የባለሱቁ ልጅ መጣች። ዓይኗ እንደወትሮው አልነበረም።

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታስረጁት?»

«ምንም አናደርገውም» አልኋት። «እንጾማለን።»

«እኛ ቤት እንቁላል አያድርም» አለች። «ዛሬ ከተጣለ ዛሬ ይበላል። እስኪ አንድ ስጭኝ።»

«አይሆንም» አልሁ። እንደዚያ ጣፍጦኝ የተናገርሁት ቃል ብዙ የለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት ያለ፣ እነሱ ቤት የሌለ ነገር ተገኘ፤ እሱም ያረጀ እንቁላል ነው።

ደስታዬ ቤት እስክገባ ነበር። የወላጆች ቀን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በክርስቲያን ቤት ያረጀ እንቁላል የሚባል ነገር የለም። ይቀቀላል፣ ዶሮ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ ለዘመድ ይላካል። እናቴን ለመንኋት። «የፋሲካን እንቁላል ለውሃ?» አለች። ውሃ ቀዳሁላት፤ በረት ጠረግሁላት፤ የማታዝዘኝን ሁሉ ሠራሁላት። በመጨረሻ «እሽ፣ ያን ያንች ታንኳ ውሰጅው። እሱን ሰው አይበላውም» አለች። ከመካከለኞቹም አንድ ጨመረችልኝ። ፋሲካ ዕለት ሰዉ እንቁላሉን ሲልጥ እኔ በየጊዜው እየሄድሁ ጤፉ ውስጥ መኖራቸውን እዳብስ ነበር።

እንቁላል አለኝ፤ ብርጭቆ የለኝም። መምህሩ «ወላጆች ርቀው ነው የሚቀመጡት፤ በብርጭቆ ካልሆነ አይታይም» ብሎኛል። ቀኖቹ እያለቁ ሲሄዱ ሱቁ በር ላይ ሄጄ ቆምሁ። እናትየዋ አዩኝ። «ግቢ እንጅ ልጄ፤ ምነው እንደ እንግዳ ሰው?» ብለው ሻይ ቀዱልኝ። ሻዩን የቀዱልኝ በዚያው በባለወርቅ መስመሩ ብርጭቆ ነው። መደርደሪያው ላይ ተመሳሳዩ ተደርድሯል። እኔ አንዱን ስመኝ የከረምሁት እነሱ ቤት ሙሉ ደርዘን ነው።

ልጅቱ ሦስት አውርዳ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። «የእንግዳ ነው፤ ከሰበርሽው እናቴ እኔን ነው የምትሰብረኝ» አለች። «ግን በአንድ ነገር ነው የምሰጥሽ። ስትጨርሽ ያረጀውን እንቁላል እኔ ልስበረው።»

«ለምን?»

«ውስጡ ምን እንዳለ አላማረሽም?»

እውነቱን ለመናገር አላማረኝም ነበር። እንዲንሳፈፍ እንጅ ለምን እንደሚንሳፈፍ ጠይቄ አላውቅም። «እሽ» አልኋት፤ መንገዱን ሁሉ ግን ያ ጥያቄ ለምን ወደ እኔ አልመጣም እያልሁ ሄድሁ።

በወላጆች ቀን እንቁላሎቼን በባዘቶ ጠቅልዬ፣ ያረጀውን ከሁሉ አስበልጬ በአባቴ ዋንጫ ውስጥ አስቀምጬ ደረስሁ። አባቴ በሬውን ፈትቶ፣ የክት ጋቢውን ለብሶ መጥቷል። ወላጆች ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አንድ ጓድ ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ዋርካው ላይ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ ዝም እስኪሉ። ከዚያ መምህሩ ጠራኝ።

ጠረጴዛው ፊት ቆምሁ። ሦስቱን ብርጭቆዎች ከአንድ ባልዲ ሞላሁ። ፀሐይዋ በውሃው ውስጥ አልፋ ጠረጴዛው ላይ ትጨፍራለች። ጧት የተጣለውን ለቀቅሁ፤ ተኛ። ከመካከለኞቹ የተሰጠኝን ለቀቅሁ፤ ቆመ። የሁዳዴውን ለቀቅሁ፤ ተንሳፈፈ። «ውሃው አንድ ነው። የሚለያየው የእንቁላሉ ዕድሜ ነው» አልሁ።

ዋርካው ሥር ጉርምርምታ ሆነ። አንዲት የከተማ ሴት «እንግዲህ እንቁላል ልገዛ ስመጣ ውሃ ይዤ ነው የምመጣው!» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ያን ሲያይ ማየቴ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ግን ዱላቸውን አነሡ። «አንች ልጅ፣ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?»

«ስለ አረጀ ነው አባ።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ጉማራ ወንዝ ብገባ ግን እሰምጣለሁ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መምህሩን አየሁት፤ እሱም እኔን ያየኛል፤ አይረዳኝም። በዚህ ጊዜ የባለሱቁ ልጅ ከፊት ተነሥታ መጣች።

«አሁን ልስበረው?» አለች።

ቃል ገብቻለሁ። ራሴን ነቀነቅሁ። እንቁላሉን አወጣችው፤ ብርጭቆዎቹን አየች። «በእናቴ ብርጭቆ አይሆንም» አለችና የአባቴን ዋንጫ ስባ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭ አደረገችው። የፊተኛው መደዳ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። የንግግሩ ጓድ ወንበሩን አነሣ። እሷ ግን አፍንጫዋን እንኳ ሳትይዝ የቅርፊቱን ሰፊ ጫፍ ወደ ፀሐይ አዞረችው።

«ባዶ ነው! እዩት፣ ይኸው፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው! ውስጡ እየደረቀ ሲሄድ አየር ገብቶበታል!»

መምህሩ «ጎበዝ!» አለ። በዚያው ድምፅ። እኔን አላለኝም ማለቴ አይደለም፤ በኋላ እጄን ጨብጦ ብሎኛል። ያ ግን በኋላ ነው።

ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ዋንጫውን ከሰውነቴ አርቄ ይዤ እከተለዋለሁ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ደህና አድርገሽ ቆመሻል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንቁላሉ ከየት የመጣ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ‹የእኛ ነው፤ ሁዳዴውን ሙሉ ጾመንበታል› አልሁት» አለ። ጀርባው ራሱ የኮራ ይመስል ነበር።

«ሌላስ ምን አሉ አባዬ?»

«ሌላማ... ያ ብርጭቆ የማን ነው?»

«የእሷ ነው።»

«እንዴት ያለ ብርጭቆ ነው! ሁሉን ነገር ያሳያል እኮ!»

አንድ ወራጅ ውሃ ጋ ስንደርስ ወረድ ብዬ ዋንጫውን በአሸዋና በቅጠል ፈትጌ ፈትጌ አጠብሁት፤ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ደጋገምሁት። ከዚያ አባቴ ሳያየኝ ወደ ፀሐይ አንሥቼ በዋንጫው ውስጥ አሻግሬ ሜዳውን ለማየት ሞከርሁ። አያሳይም።